ሰጎንን ከቫይረስ በሽታ መከተብ፦ ከብልቃጡ እስከ ደም ምርመራው

መርፌ የተወጋ ሰጎን ሁሉ ተከትቧል ማለት አይቻልም። ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ላባ ላይ ፈስሶ ሊቀር ይችላል፤ ጫጩቱ በእንቁላሉ አስኳል በኩል ከእናቱ ያገኘው መከላከያም ሕያው ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ በሰፊው የምናወራው መርፌው ከመወጋቱ በፊትና በኋላ ስላለው ሥራ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና።

ሰጎን ላይ በክትባት የምንከላከለው ዋናው በሽታ ፈንግል ወይም ኒውካስል ነው። ዶሮን የሚፈጀው ያው ቫይረስ ቢሆንም በሰጎን ላይ መልኩ ይለያል። ዶሮ ውስጥ ሲገባ መንጋውን በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል። ሰጎን ላይ ግን ጎልቶ የሚታየው የነርቭ ምልክት ነው፤ ራስ ይንቀጠቀጣል፣ አንገት ይጣመማል፣ ወፉ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ራሱና አንገቱ ያብጣል። የመተንፈሻ ምልክት ብዙም አይታይም፤ በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ዘገምተኛነቱ ያዘናጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወፎች ሲታመሙ «አጥር ላይ አንገቱን ተመቶ ነው» ተብለው ይታለፋሉ። በብዛት የሚጎዱት ጫጩቶችና ለጋዎች ናቸው፤ ጎልማሳው ብዙ ጊዜ ምልክቱ ሳይጎላ ያልፋል።

የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ቫይረሱ በሰጎን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1991 በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዓይነቱ ኤች7ኤን1 ነበር። እዚያው አገር በ2004 እና በ2011 ኤች5ኤን2 የሰጎን እርሻዎችን ክፉኛ መትቷል። ይህን በሽታ በክትባት መከላከል በአርቢው ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በአብዛኛው አገር የሚፈቀደው በመንግሥት የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ትእዛዝ ነው። ምክንያቱም የተከተበ ወፍ ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን ሊያሠራጭ ይችላል፤ በተራ የደም ምርመራም የክትባቱን አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል በደሙ ውስጥ የሚያበጀው ነገር) ከበሽታው አንቲቦዲ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ለኢንፍሉዌንዛ ዋናው መከላከያ የዱር ወፍን ከውኃና ከመኖ ማራቅ ነው። ሰጎኖች ዳክዬ ከሚዋኝበት ክፍት ኩሬ አይጠጡ፤ በገንዳ ይጠጡ፤ ከወንዝ ወይም ከኩሬ የሚቀዳ ውኃም በክሎሪን ይታከም። መኖም ሌሊት ክፍት ሆኖ አይደር።

ፈንጣጣ በትንኝ የሚተላለፍ ስለሆነ ከዚህ ቀደም ታይቶ በሚያውቅበት እርሻ ብቻ ይከተባል። የዶሮ ፈንጣጣ ክትባት ቆዳን በመውጋት ይሰጣል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የተወጋውን ቦታ ተመልከቱ፤ ትንሽ እብጠት ወይም ቅርፊት ከታየ ይዟል። ምንም ከሌለ አልያዘም፣ ይደገማል። እንዲህ በዓይን የሚረጋገጥ ክትባት ይህ ብቻ ስለሆነ ዕድሉን ማሳለፍ አያስፈልግም።

የፈንግል ክትባት ሁለት ዓይነት ነው። ሕያው የሆነው፣ ለምሳሌ ላሶታ ወይም ኤችቢ1፣ ደርቆ በብልቃጥ ይመጣል፤ በማሟሟያው ተበጥብጦ ዓይን ላይ ይንጠባጠባል። የሞተው ደግሞ በዘይት የተዋሐደ ሆኖ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሕያው ክትባት ቶሎ ያነቃቃል፣ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ የዘይቱ ዘግይቶ ይሠራል፣ ለወራት ግን ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱን አቀናጅቶ መስጠት ይመረጣል። ለመነሻ ያህል፣ ጫጩቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲሆነው የዓይን ጠብታ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት የዘይት መርፌ፣ ወደ ሦስት ወር ገደማ ማጠናከሪያ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ። የእናቶቹ ክትባት ጠንካራ ከሆነ የወረሱት አንቲቦዲ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕያው ክትባቱን ስለሚያዳክመው የመጀመሪያውን ጠብታ ማዘግየት ይሻላል፤ እናቶቹ ካልተከተቡ ግን ጫጩቱ ባዶውን ነውና ማዘግየት አደጋ አለው። ለእርድ የሚሄዱትን በተመለከተ፣ የመጨረሻው ክትባት ከእርዱ በፊት ስንት ቀን መሰጠት እንዳለበት በመለያ ወረቀቱና በሥጋ ተቀባዩ አገር ሕግ የሚወሰን ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር ግድ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የዶሮ መጠን ነው። ሰጎን ዶሮ አይደለም። 100 ኪሎ የሚመዝንን ወፍ ለዶሮ የተጻፈውን ግማሽ ሚሊ ሊትር ወግቶ መልቀቅ ገንዘብ መጣል ነው። የእርሻው ሐኪም በዕድሜና በክብደት አስልቶ በጽሑፍ ይስጥ፤ በቃል የተነገረ መጠን ከአንድ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይለወጣል።

ከዚያ ፍሪጁ። ሁለቱም ዓይነት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣሉ። የዘይቱ ክትባት ትልቁ ጠላት ሙቀት ሳይሆን በረዶ ነው። አንዴ በረዶ ከሠራ ዘይቱና ውኃው ይለያያሉ፤ ሲናጥ የተዋሐደ ቢመስልም ይጣላል። በፍሪጁ በር ላይ አታስቀምጡት፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ ከኋላው ግድግዳ ጋርም አታስጠጉት፣ እዚያ በረዶ ይሠራል። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አጠገቡ ይቀመጥ። ወደ በረት ሲወሰድም ብልቃጡ የበረዶ ከረጢቱን በቀጥታ እንዳይነካ በመካከሉ ካርቶን ወይም ጨርቅ ይደረግ።

የዘይቱን ክትባት ከመወጋቱ በፊት ከፍሪጅ አውጥቶ ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ወይም 37 ዲግሪ ባልዘለለ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፤ መርፌው ይከብዳል፣ ወፉን ያሳምመዋል፣ ከወጋችሁ በኋላም በቀዳዳው ተመልሶ ይፈስሳል፣ ቦታው ላይም ትልቅ እብጠት ይተዋል። ሲወጋም በየጊዜው ይናጥ። ሕያው ክትባት ግን ተቃራኒው ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በበረዶ ላይ፣ ከፀሐይ ርቆ ይያዝና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። የተረፈው ለማግስቱ አይደር። ሕያው ክትባት የሚያልፍበትን ዕቃ በአልኮል ወይም በፀረ-ተህዋሲ መድኃኒት አታጽዱ፤ በውስጡ የቀረው ጠብታ ቫይረሱን ይገድለዋል። አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ይበቃል።

ለዓይን ጠብታ 1000 መጠን ያለው ብልቃጥ በ30 ሚሊ ሊትር ማሟሟያ ከተበጠበጠ አንዷ ጠብታ 0.03 ሚሊ ሊትር ትሆናለች። መንጠባጠቢያው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይያዝ፤ ከተጋደመ ጠብታዋ ታንሳለች። ጠብታው ዓይን ላይ እንዳረፈ ጫጩቱን አትልቀቁት። ዓይኑን ገርበብ አድርጎ እስኪመጠው ድረስ ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ይያዝ፤ አለዚያ ራሱን ነቅንቆ ይረጨዋል። ሕያው የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን ስለሚያስቆጣ የሚያንጠባጥበው ሰው መነጽር ያድርግ። በመጠጥ ውኃ መስጠትን አንመክርም፤ ሰጎን ዶሮ እንደሚያደርገው ሁሉም እየተከታተለ አይጠጣም፣ ጠንካራው ሦስት እጥፍ ጠጥቶ ደካማው ባዶ ሊቀር ይችላል። በውኃው ውስጥ ክሎሪን ካለ ደግሞ ቫይረሱ ገንዳው ውስጥ ይሞታል።

የመርፌው ቀን ሥራ የሚጀምረው ከቀኑ በፊት ማታ ነው። መንጋውን በምሽት ወደ ትንሹ አጥር አስገቡት፤ ጠዋት በሰፊው ሜዳ ማባረር ጡንቻን ይጎዳል። ተባርሮ የተያዘ ሰጎን በማግስቱ እግሩ ጠንክሮ መነሣት ሊያቅተው፣ ሊሞትም ይችላል፤ ክትባቱ ገደለው ይባላል እንጂ የገደለው ሩጫው ነው። ፀሐይ ሳትከር ጨርሱ። የራስ መሸፈኛው ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ይሠራል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይበቃል፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። ያዡ እጅጌውን ገልብጦ ክንዱ ላይ ያጠልቃል፤ በዚያው እጁ የወፉን ምንቃር ይይዛል፤ በሌላኛው እጁ እጅጌውን ከክንዱ ወደ ወፉ ራስ ይገለብጠዋል። ዓይኑ ሲሸፈን አፍንጫውና የምንቃሩ ጫፍ ግን ውጭ ይቀራል። ዓይኑ የተሸፈነ ሰጎን ወዲያው ይረጋጋል።

ሰጎን የሚራገጠው ወደ ፊትና ወደ ታች ነው፤ ጥፍሩ ሆድ ሊቀድ ይችላል። ከፊቱ ማንም አይቁም። አንዱ ከራሱ ጎን፣ ሁለተኛው ከኋላ ጭራውን ገፍቶ፣ ሦስተኛው ከጎን ክንፉን ይዞ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ያስገቡታል። ጫጩትን ደግሞ በእግሩ አታንጠልጥሉት፤ የእግሩ አጥንት ገና ለጋ ስለሆነ ይጣመማል። ከሥሩ ደረቱን ደግፋችሁ አንሡት።

የሚወጋው በአንገቱ ግርጌ ነው፤ ከጀርባው በኩል። ቆዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ማንሣት፣ መርፌውን ከአንገቱ ጋር ትይዩ አድርጎ በተነሣው እጥፋት ሥር ማስገባት። ጫፉ ከቆዳው ሥር በነጻነት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ልክ ነው። ከፊት በኩል አትውጉ፤ የአየር ቧንቧውና የምግብ ቧንቧው እዚያ ናቸው፣ በቀኝ በኩልም ትልቁ የአንገት ደም ሥር ያልፋል። ጭን ላይም አይወጋ። ሰጎን የደረት ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ውዱ ሥጋው ጭኑ ነው፤ የዘይቱ እብጠትም በቄራ ተቆርጦ ይጣላል። ለዘይት ክትባት 18 ቁጥር መርፌ ይመቻል፤ ከዚያ የቀጠነው ይዘጋል።

ባለ ብዙ መጠኑን ስሪንጅ ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ጊዜ ወደ መስፈሪያ ሲሊንደር ተኩሱ። ሁለት ሚሊ ሊትር ላይ ከተስተካከለ 20 ሊሞላ ይገባል። 18 ከሆነ እያንዳንዱ ወፍ አንድ አሥረኛ አጥቷል ማለት ነው። በሥራው መጨረሻም ያለቀውን ክትባት በወፍ ቁጥር አካፍሉት፤ ስሌቱ ካልገጠመ ወይ ስሪንጁ አየር ይስባል፣ ወይ የታለፈ ወፍ አለ። መርፌውን ቢቻል በየወፉ፣ ካልተቻለ ቢያንስ በየክፍሉ ለውጡ፤ ጫፉ የታጠፈው ግን ወዲያው ይወገድ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይሄዳል። የመጀመሪያው የሰው ነው። የዘይት ክትባት በስሕተት ጣት ላይ ከተወጋ ጠብታ ብትሆንም ቀላል አይደለም፤ ዘይቱ እብጠት አምጥቶ የደም ዝውውርን ሊዘጋ፣ ጣትንም ሊያሳጣ ይችላል። ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠበቅ የክትባቱን መለያ ወረቀት ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ፤ ዘይት ያለበት ክትባት መሆኑንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው የወፎቹ ነው። ሰጎን የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይውጣል። የወደቀች መርፌ፣ የብልቃጥ ቆብ፣ የአሉሚኒየም ቀለበት ጨጓራው ውስጥ ትገባለች። ስንት መርፌ እንደወጣ ጠዋት ቆጥሩ፣ ማታ መልሳችሁ ቆጥሩ። አንዲት ከጎደለች መንጋው ወደዚያ አጥር አይመለስ እስክትገኝ ድረስ።

ከክትባቱ በኋላ ለሁለትና ሦስት ቀን የምግብ ፍላጎት ትንሽ መቀነስና የተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት የተለመደ ነው። እብጠቱ የሚሞቅ፣ የሚያድግና መግል የሚይዝ ከሆነ መርፌው ቆሽሾ ነበር።

አሁን ደም ምርመራው። ከዘይቱ ክትባት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ከየዕድሜ ምድቡ ናሙና ይወሰዳል። በትልቅ መንጋ ውስጥ ከአሥር አንዱ ክትባቱ ያልያዘው ከሆነ፣ 29 ወፍ ብትመረምሩ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 95 በመቶ ነው፤ ከሃያ አንዱ ከሆነ ደግሞ 59 ያስፈልጋል። ለመያዝ የቀለሉትን ብቻ አትምረጡ፤ ከመግቢያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው በየተራው ውሰዱ። ደሙ ከቀኙ የአንገት ደም ሥር ወይም ከክንፍ ደም ሥር ይቀዳል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በሌለው ቱቦ ጋደም አድርጎ እስኪረጋ ማቆየት፣ ከዚያ ሴረሙን፣ ማለትም ከረጋው ደም የሚለየውን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ መለየት። ሙሉ ደም በረዶ ካደረጋችሁ ቀይ ሕዋሳቱ ፈንድተው ናሙናው ይበላሻል።

ለዶሮ የተሠራ ተራ ኤላይዛ (አንቲቦዲን በቀለም ለውጥ የሚለካ የላቦራቶሪ ምርመራ) የሰጎንን አንቲቦዲ ላያነብ ይችላል፤ የሚጠቀመው ማያያዣ የዶሮን አንቲቦዲ እንዲለይ ተደርጎ ነውና። ላቦራቶሪው በውድድር የሚሠራ ኤላይዛ ወይም የኤችአይ ምርመራ (አንቲቦዲው ቫይረሱን ቀይ የደም ሕዋሳትን ከማጣበቅ መከልከሉን የሚያይ) እንዲጠቀም ጠይቁ። የኤችአይ ከሆነ የሰጎን ሴረም በቅድሚያ ከዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ መጣራት አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል።

ውጤቱን ስታነቡ ከአማካዩ ይልቅ ስርጭቱን ተመልከቱ። ሁሉም ዝቅ ካሉ ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር ወይም መጠኑ አንሷል። ግማሹ ከፍ፣ ግማሹ ዜሮ ከሆነ የታለፉ ወፎች አሉ፤ የትኛው ያዥ ወይም የትኛው ስሪንጅ እንደሆነ መዝገቡ ይነግራችኋል። ከክትባቱ በፊት የተወሰደው ናሙና ላይ ጥቂቶቹ በጣም ከፍ ብለው ከተገኙ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ በእርሻው ውስጥ አልፏል ማለት ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ይወቅ። ለዚህም ነው ከክትባት በፊትም ናሙና የሚወሰደው።

የዕለት ክትትሉ ደግሞ በዓይን ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም፤ ግን በየቀኑ ያው ሰው፣ በያው ሰዓት ሊያደርገው ይገባል። ጠዋት መኖ ሲቀርብ ዘግይቶ የሚመጣውን፣ ከመንጋው የሚለየውን፣ ሰው ሲጠጋው የማይሸሸውን ፈልጉ። ጤነኛ ሰጎን አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ የነቃ ነው። በረጋበት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በሙቀት ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር በጥላ ሥር ሲያርፍ ነው የሚቆጠረው።

ሰጎን ከሌሎች ወፎች በተለየ ሽንቱን ከኩሱ ለይቶ ስለሚያወጣ የሽንቱ ቀለም ትልቅ ምልክት ነው። ጥርት ያለና ነጭ ጭቃ የመሰለ ዩሪክ አሲድ ያለበት ጤነኛ ነው። አረንጓዴ ሽንት ከመደበርና ከምግብ መተው ጋር ከታየ ግን ኢንፍሉዌንዛ መጠርጠር አለበት፤ በተለይ ከስምንት ወር በታች ባሉት ላይ። ምግብ ያልበላ ወፍ ሁሉ ሽንቱ ሊለወጥ ስለሚችል አንድ ወፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለትና ሦስት በአንድ ክፍል ከሆኑ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።

ጫጩቶች ሲፈለፈሉ በአብዛኛው ከ800 እስከ 900 ግራም ይመዝናሉ፤ አስኳሉን ሲጨርሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያልጨመረ ጫጩት ታሟል፤ አስኳሉ ተበክሎ፣ ጨጓራው በገለባ ወይም በአሸዋ ተደፍኖ፣ ወይም አንጀቱ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። እነዚህን በቫይረስ ክትባት አታክሙም። የታመመ፣ የተራበ ወይም የከሳ ጫጩት ሲከተብም አንቲቦዲ የሚያበጅበት አቅም የለውም፤ ለይታችሁ ካገገመ በኋላ ክተቡት።

የአንገት ችግር ከምን እንደመጣም መለየት ይገባል። በፈንግል አንገቱ ይጣመማል፣ ይንቀጠቀጣል። በቦቱሊዝም (በበሰበሰ ነገር ውስጥ ባክቴሪያ በሚያመነጨው መርዝ የሚመጣ ሽባነት) ደግሞ አንገቱ እንደ ገመድ ልል ብሎ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ብዙውን ጊዜም የበሰበሰ መኖ ወይም ሬሳ አጠገብ ይገኛል። ከአጥር ጋር ተጋጭቶ የተመታው ደግሞ አጥሩ ላይ የላባና የደም ምልክት ይተዋል።

መዥገርንም መቁጠር የክትትሉ አካል ነው። ሰጎን የክራይሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳት ቫይረስን ሳይታመም ለአጭር ጊዜ በደሙ ሊይዝ ይችላል፤ በ1996 በደቡብ አፍሪካ በአንድ የሰጎን ቄራ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ተይዘዋል። ለእርድ የሚሄደው መንጋ መዥገሩ ተወግዶለት፣ ከእርዱ በፊት 14 ቀን መዥገር በማይደርስበት ቦታ ይቆይ። ደም የሚቀዳና የሚያርድ ሰው ጓንት ያድርግ።

ፈንግል ወይም ኢንፍሉዌንዛ ስትጠረጥሩ በመጀመሪያ እንቅስቃሴ ይቁም፦ ወፍ፣ እንቁላል፣ መኪና፣ ሠራተኛ ከክፍል ወደ ክፍል። ከዚያ ለመንግሥት የእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፤ በአብዛኛው አገር ይህ ሕጋዊ ግዴታ ነው። የሞተውን ወፍ በራሳችሁ ሜዳ ላይ አትክፈቱ። ናሙና እንድትወስዱ ከተነገራችሁ ከሕያዋኑ የአየር ቧንቧና የፊንጢጣ ስዋብ (በጥጥ ዘንግ የተጠረገ ናሙና) በቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ፣ ከሞተው ደግሞ አንጎል፣ ሳንባ፣ የአየር ቧንቧና ጣፊያ ለየብቻ በታሸገ ዕቃ፣ በ4 ዲግሪ ገደማ፣ በተቻለ ፍጥነት ይድረስ። በቅጹ ላይ የወፉን ዕድሜ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ በተለይም የመጨረሻው ሕያው ክትባት የተሰጠበትን ቀንና የብልቃጡን የምርት ቁጥር ጻፉ። የክትባቱ ቫይረስ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ መል በሚፈልግ ምርመራ) ሊገኝ ስለሚችል፣ ይህ ካልተጻፈ ላቦራቶሪው ክትባቱን ከበሽታው ለመለየት ተጨማሪ ቀናት ያጠፋል፤ እርሻውም እስከዚያ ተዘግቶ ይቆያል።